ግቢውን መሬት መሬቱን እያየሁ

ስኬትቦርድ የጀመረ ሰው ቀና ብሎ መሄድ ይተዋል። ከጓደኞቼ ጋር ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስንሄድ እነሱ ከሰው ጋር ሰላም ይባባላሉ፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ሌላው ሰው ስንት ፎቅ እንዳለው ይቆጥራል። እኔ ደጃፉ ላይ ምን እንዳነጠፉበት ነው የማየው። ጓደኞቼ መጀመሪያ ላይ የተከዝኩ መስሏቸው ይጨነቁ ነበር። አሁን ለምደውኛል፣ እንዲያውም አንዳንዴ እነሱ ራሳቸው «ይሄ ላንተ ይሆናል» ብለው ያሳዩኛል። ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም።

የማይሆንበት ምክንያት አለ። ጓደኞቼ የሚያሳዩኝ ደረጃ ነው። ረጅም፣ ሰፊ፣ መሃሉ ላይ የብረት መደገፊያ ያለው ደረጃ። ቪዲዮ ላይ ያዩት እሱን ነዋ። አዲስ የጀመረ ስኬተርም ግቢውን ዞሮ መጀመሪያ የሚጎመጀው ደረጃ ነው። እኔ ቦታ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ነገም ተመልሼ እመጣለሁ ወይ? ደረጃ ይህን ፈተና አያልፍም። አንድ ቀን ይሞከራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቁርጭምጭሚት ይታመማል፣ አለቀ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም የሚኬድበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ዞር ብሎ የማያየው ሜዳ መሬት ነው።

ይህን ስል ግቢ ለስኬተር የሚሰጠውን ነገር እያጣጣልኩ አይደለም። መኪና ጥቂት ነው። በሕንፃና በሕንፃ መካከል ሰፊ ክፍት ቦታ አለ። ዝቅ ያለ ግንብ፣ የአበባ መደብ ጠርዝ፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ መወጣጫ፣ ሁሉም በእግር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ስኬትቦርዲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በቶኪዮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። «ስትሪት» ለሚባለው ውድድር የተሠራው ሜዳ በደረጃ፣ በብረት መደገፊያ እና በጠርዝ የተሞላ ነበር። የሴቶቹን ወርቅ የ13 ዓመቷ ሞሚጂ ኒሺያ ወሰደች። እኔ ያን ሜዳ ሳይ ያሰብኩት ሌላ ነው። ያን ያህል ተለፍቶ የተሠራው ነገር ግቢ ነው የሚመስለው። ክፍል የሌለው፣ ፈተና የሌለው ግቢ።

እሺ፣ መሬት ለምን ይህን ያህል አስቸገረ? ጎማውን አይታችሁት ከሆነ ይገባችኋል። ለስትሪት የሚሆን ጎማ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 54 ሚሊሜትር ነው። ጥንካሬው 99ኤ አካባቢ ነው («ኤ» የጎማ ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ይጠነክራል)፣ በጥፍር ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም። ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ጠጠር ሲያገኘው አይለጠጥም፣ ተንከባልሎም አያልፈውም። የጥፍር ጫፍ የምታክል ጠጠር ትበቃለች። ቦርዱ ይቆማል፣ እናንተ ትቀጥላላችሁ። ድሮ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ሰው የዩሬቴን ጎማ እስኪያመጣ ድረስ የሚነዳው በሸክላ ጎማ ነበር። የዛሬው ጎማ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ገነት ነው፣ ቢሆንም ጠጠርን አልረታም።

ስለዚህ መሬት መፈተሽ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ መጀመሪያ በጫማዬ እፈትሻለሁ፤ ሶሉን ገፋ አድርጌ ስጎትተው ከያዘኝ ሻካራ ነው። ቀጥሎ በመዳፌ። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ዳበስ አደርጋለሁ። መዳፌ ላይ ግራጫ ዱቄት ከቀረ ሲሚንቶው እየተፈረፈረ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ ይበላሻል። ደቃቅ አሸዋ ከያዘኝ ደግሞ መሬቱ ደህና ሆኖ መጥረጊያ ነው የሚፈልገው። በመጨረሻ በጆሮዬ። ሴሚስተር ሲከፈት ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ዶርም ይገባል። የዚያን ቀን ዳር ይዞ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። የሻንጣው ጎማ «ገገገገ» እያለ መጥቶ መጥቶ ድንገት ዝም የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ግቢያችን ውስጥ የምወደውን ረጅም ኮሪደር ያገኘሁት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከቁመቷ የሚበልጥ ሻንጣ ስትጎትትበት ሰምቼ ነው።

ንጣፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ኮብልስቶን ላይ ተስፋ ቁረጡ። ጠጠሩ ያፈጠጠ አሮጌ አስፋልት ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ጉልበት ይበላል፣ ሲወድቁበት ደግሞ ቆዳ ይልጣል። አዲስ አስፋልት ደህና ነው። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ለዓይን ያምራል፣ ግን ትንሽ አቧራ ካረፈበት ጎማው ከሥር ያመልጣል። በደንብ የተላሰነ ኮንክሪት እና ቴራዞ ካገኛችሁ ለማንም አትናገሩ።

የኮንክሪት ንጣፍ ላይ በየጥቂት ሜትሩ የተቆረጠ መስመር ታያላችሁ። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሰንጠቁም አይቀርም። መሐንዲሶቹ እንግዲህ መሰንጠቅህ ካልቀረ እዚህ ጋ ሰንጠቅ ብለው አስቀድመው ይቆርጡለታል። ጠበብ ያለ ከሆነ ጎማው «ጠቅ» ብሎ ያልፈዋል። ሰፋ ካለ የፊት እግርን ክብደት ቀለል ማድረግ ያስፈልጋል። አደገኛው ከእናንተ ጋር ጎን ለጎን የሚሄደው ስንጥቅ ነው፣ ጎማውን ዋጥ አድርጎ ይይዘዋል። የፍሳሽ ፍርግርግም እንደዚያው ነው። ብረቶቹ በምትሄዱበት አቅጣጫ ከተደረደሩ ዞር በሉ። የዛፍ ሥር ከታች ገፍቶ ያነሳው ንጣፍ ደግሞ ለእግረኛ ማደናቀፊያ፣ ለእኛ ነፃ መዝለያ ነው። ግቢው አንድ ቀን ያስተካክለዋል። እስከዚያው ግን አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሕንፃው ፊት ለፊት የተሠራው ለእግረኛ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሰው እንዳያንሸራትተው ሆን ብለው ያሻክሩታል። ትክክል ናቸው። ግን ጫማን የሚይዝ ነገር ጎማንም ይይዛል። ስለዚህ ዞራችሁ ከጀርባ እዩ። የጭነት መኪና የሚራገፍበት ቦታ አለ። የጭነት መኪና ስለሚቆምበት ኮንክሪቱ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይሰነጣጠቅም። የዕቃ ጋሪ ስለሚገፋበት ለስላሳ አድርገው ይለስኑታል። ጋሪ የሚወደውን መሬት ስኬትቦርድም ይወደዋል። ብዙ ጊዜ ከላይ ጣራ አለው፣ ማታ ማታ መብራት ይበራል። ዕቃ የሚወርድበት ከፍታ ጫፍ ላይ ደግሞ ብረት የተገጠመለት ጠርዝ ይኖራል። ውበት የለውም። ሽታውም ደስ አይልም። ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ስለማይጠፋ ሳይጠርጉ መጀመር ሞኝነት ነው። እኔ ግን ከግቢው ሁሉ ይምረጡ ቢሉኝ እሱን ነው የምመርጠው።

ሁለተኛ የምመርጠው ፎቅ ያለውን ፓርኪንግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ይሆናል። የላይኛው ወለል ውሃ እንዲወርድ ትንሽ ስለሚያዘነብል ሳይገፉ ቀስ ብሎ ይወስዳል። ለጀማሪ መታጠፍ መልመጃ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከሥር ያሉት ወለሎች በዝናብ ቀን ያድናሉ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። መኪና ከቆመበት ቦታ ላይ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ጨለማ ውስጥ አይታይም። ማጠፊያው ላይ ደግሞ ሹፌሩ አያያችሁም፣ እናንተም አታዩትም። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ ፓርኪንግ ውስጥ የሚነዳ ሰው ሳይ ያመኛል።

የቅርጫት ኳስ ሜዳም አለ፣ መሬቱ ብዙ ጊዜ ምርጥ ነው። ግን የባለኳሶቹ ነው። ኳስ ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ሳይጠይቋችሁ ውጡ።

ሜዳ መሬት ላይ ለምን ሙጭጭ እንዳልኩ የሚገርመው ሰው ካለ ታሪክ ከእኔ ጎን ነው። አለን ጌልፋንድ የተባለ የፍሎሪዳ ልጅ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦርዱን በእጁ ሳይዝ አየር ላይ ማንሳት ቻለ፤ ዝላዩ «ኦሊ» ይባላል። ያኔ የሚሠራው ጎድጓዳ የኮንክሪት ገንዳ ግድግዳ ላይ ነበር፣ ግድግዳው ያግዘዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮድኒ መለን ያንኑ ነገር ምንም ግድግዳ በሌለበት ወደ ሜዳ መሬት አመጣው። የቦርዱን ጭራ፣ ማለትም የኋላ ጫፉን፣ መሬት ላይ መታ፣ የፊት እግሩን ወደ ቦርዱ የፊት ጫፍ ሳበ፣ ቦርዱ ተነሳ። ቦርዱ አየር ላይ የሚገለበጥበትን ኪክፍሊፕንም የፈጠረው እሱ ነው። ዛሬ ደረጃ ላይ፣ ጠርዝ ላይ፣ የብረት መደገፊያ ላይ የምናየው ነገር ሁሉ መነሻው ያ ዝላይ ነው። ዝላዩ የሚጠራውም ሜዳ መሬት ላይ ተመላልሶ በመሥራት ነው። ሜዳ ላይ ያልጠራ ኦሊ ደረጃ ላይ አይጠራም።

ደረጃ ላይ መሄዳችሁ ካልቀረ ግን ደረጃውን አትቁጠሩ። ከላይ ምን ያህል መንደርደሪያ አለ? ከታች ስታርፉ የምትቆሙበት ስንት ሜትር ነው? ቁልቁል ወርዶ መንገድ ላይ የሚጥል ነው ወይስ ግድግዳ ጋ የሚያላትም? የግቢ ደረጃዎች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ጠርዝ ይለያል። ጠርዝ ላይ ልቤ ይሸፍታል። ከቁርጭምጭሚት ከፍ፣ ከጉልበት ዝቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ ያልተፈረፈረ የድንጋይ መቀመጫ ሳይ ክፍል ይረፍድብኛል። ግራናይትና እምነበረድ በደንብ ያንሸራትታሉ። ተራ ኮንክሪት ሻካራ ስለሆነ ሰም ይቀቡታል። ሻማ ይበቃል። ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስቴ ማሸት፣ ከዚያ ትራኩን (ጎማዎቹን የሚይዘውን ብረት) ወይም ቦርዱን ማሳረፍ። ድምፁ ይለወጣል፣ ቅድም ይንገራገጭ የነበረው ጥርት ብሎ ይሄዳል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ጥቁር ቅባት የመሰለ መስመር ሠርቷል። ሰሙ ከብረቱ ብናኝና ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ነው። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ትንንሽ ስብርባሪ ታገኛላችሁ።

ያ ጥቁር መስመር ሰው ያጣላል። እውነቱን ለመናገር የጥገና ሠራተኞቹ ሲቆጡ ልክ ናቸው። ሱሪዋ የተቀባባት ተማሪም ልክ ናት። ሰው የሚቀመጥበትን ጠርዝ ሰም መቀባት ነውር ነው ባይ ነኝ። ማንም የማይቀመጥበት ጠርዝ ሞልቷል፣ የመራገፊያው ብረት ደግሞ ምንም አይሆንም። ብዙ ግቢዎች ነገሩ ሲመራቸው ጠርዙ ላይ በየጥቂቱ የብረት ጉብታ ይተክላሉ። ያኔ ያ ጠርዝ ሞተ። አንድ ሰው ሲያበላሸው የሚዘጋው ለሁሉም ነው።

ይህ ጭቅጭቅ የግቢ ብቻ አይደለም። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1965 የተከፈተ፣ ሰው «ላቭ ፓርክ» የሚለው አደባባይ አለ። ሐሳቡን ያፈለቀው ኤድመንድ ቤከን ነው። ያውም ገና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ። የግራናይት ጠርዙ በዓለም ላይ ያለ ስኬተር ሁሉ የሚያውቀው ሆነ። ከተማው ስኬት ማድረግ በመከልከሉ፣ በ2002 92 ዓመት የሞላው ቤከን ሄልሜት አጥልቆ፣ ግራና ቀኝ ሰው ደግፎት፣ እዚያው አደባባይ ላይ ቦርድ ላይ ወጣ። ተቃውሞ መሆኑ ነው። ባርሴሎና ደግሞ በ1995 የተከፈተው፣ ሪቻርድ ማየር የነደፈው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ። ከሥዕሎቹ እኩል ደጃፉ ዝነኛ ነው። ለንደን ውስጥ ሳውዝባንክ ከሕንፃ ሥር ያለው ቦታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይነዳበታል። በ2013 ሱቅ ሊያደርጉት ሲሉ ስኬተሮቹ ተሟግተው በ2014 አስቀሩት። ሦስቱንም ቦታዎች ማንም ለስኬትቦርድ ብሎ አልሠራቸውም።

ስለ ቦታ ብዙ አወራሁ፣ ሰዓቱስ? ያው መሬት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሰው ጎርፍ ነው፣ እሑድ ጠዋት ግን የእናንተ ነው። ሌሊት ጤዛ ከወረደ የተላሰነ ኮንክሪት ያንሸራትታል፣ ፀሐይ እስክትነካው መጠበቅ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቦርዱ ዶርም ይቀመጥ። ቦርዱ ከሰባት ስስ የእንጨት ንብርብር የተጣበቀ ነው፣ ውሃ ሲገባው ይለሰልሳል፣ መንጠሩንም ያጣል። ኩሽኔታው ይዝጋል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ቦርዱን ሳትይዙ ውጡና ግቢውን ዙሩ። ውሃ የቋጠረበት ቦታ የጎደጎደው ነው፣ መጀመሪያ የሚደርቀው ደግሞ ሜዳ ሆኖ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው። አንድ ዙር ብቻ ይበቃል፣ ሌላ ጊዜ በእግር ስትፈትሹ የማታገኙትን ያሳያችኋል።

የፈተና ሰሞን ከላይብረሪ ሥር ራቁ። የቦርድ ጭራ መሬት ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይገባል። ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ አንድ ገጽ ሊጨርስ ሲል «ቷ!» ቢሰማ ቢሳደብም አልፈርድበትም።

መወጣጫውስ? ለዊልቸር የተሠራው ልስልስ መወጣጫ ያጓጓል። አሜሪካ ውስጥ በሕጉ መሠረት ለአንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ መሬቱም ንጹሕ ነው። ሰው በሌለበት አንዴ መውረድ አንድ ነገር ነው። እዚያ ቆሞ መልመድ ግን አይሆንም። ሌላ መንገድ የሌለው ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚታየው ቢጫ፣ እብጥ እብጥ ያለ ንጣፍም እንዲሁ ነው። ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ዓይነ ስውራን በእግራቸው እያነበቡ እንዲሄዱ ብሎ ነው የፈጠረው፣ መጀመሪያ የተነጠፈውም በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ ነው። ለጎማ አይመችም፣ እሱስ ይቅር። ቦርድና ቦርሳ ማስቀመጫ ግን አታድርጉት።

ጥበቃዎችን ብዙ ስኬተር እንደ ጠላት ያያቸዋል። አይገባኝም። ግቢውን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። አንድ ማታ ከአስተዳደር ሕንፃው ፊት ስለማመድ አንድ አዛውንት ጥበቃ ባትሪያቸውን እያበሩ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ አይቻልም ተብሏል እኮ።»

«እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ታዲያ የት ብሄድ ይሻላል?»

ጥያቄው አልጠበቁትም መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ባትሪያቸውን ወደ ጀርባ አዞሩ። «ዕቃ የሚራገፍበቱን ታውቀዋለህ? ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መኪና አይገባም። መብራቱም ይበራል።» ጥቂት ሄድ ብለው ተመለሱ። «ጭንቅላትህ ላይ ግን የሆነ ነገር አድርግ ልጄ። እዚያ ወድቀህ የሚያነሳህ የለም።»

መራገፊያውን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሄልሜቱንም የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከክፍል ክፍል ለመሄድ ብቻ ቦርድ የሚፈልግ ሰው ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመለከተውም። 60 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ 78ኤ አካባቢ ለስለስ ያለ ጎማ ይግጠም። እኔ የምሸሸውን አስፋልት እሱ ሳይሰማው ያልፈዋል። የእሱ ካርታ ከእኔ ካርታ ይለያል፣ እሱ ቁልቁለት ይፈራል፣ እኔ ጠጠር። ክፍል ውስጥ ግን ቦርዱን ከወንበር ሥር በጀርባው ያስተኛው፣ ትምህርት መሃል ተንከባልሎ መምህሩ ጋ እንዳይደርስ።

ሰሞኑን ከሳይንስ ፋካልቲ ጎን አዲስ ሕንፃ እየተጠናቀቀ ነው። አጥሩ ገና አልተነሳም። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አይቻለሁ፤ ሦስት ደረጃ፣ ረጅም ጠርዝ፣ ከጠርዙ ፊት ሰፊ ሜዳ። ንጣፉ ብቻ ነው የቀረው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓይነት ድንጋይ ጥግ ላይ ተከምሮ ነበር፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ የተጠረበ ሻካራ። የሚያነጥፈውን ሰውዬ የትኛው ነው ብዬ በቀዳዳው ጠየቅሁት። «ለስላሳው ለውስጥ ነው» አለኝ፣ ለምን እንደጠየቅሁት ግራ ገብቶት። ጀርባው ግን በኮንክሪት ነው የሚሞላው፣ እሱንም ጠይቄዋለሁ።